ሐዋላ፦ ባንኩም ደላላውም የሚጠሩበት ቃል

ደብረ ብርሃን ውስጥ ወደ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ የገባ ደንበኛ «ሐዋላ» የሚል ጽሑፍ ቢያነብ አይደነቅም። ቃሉ የባንክ ቃል ነው፤ «የሀገር ውስጥ ሐዋላ» እና «የውጭ ሐዋላ» እየተባለ በቅጽ ላይ ይታተማል፣ በሠራተኞች አፍም የዕለት ቋንቋ ነው። ይኸው ደንበኛ ማታ ስለ ውጭ ምንዛሪ እጥረት የሚደረግ ውይይት ሲከታተል ግን ያንኑ ቃል ከኮንትሮባንድና ከጥቁር ገበያ ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ተጠርቶ ያገኘዋል። ቀን በመስኮት የተስተናገደበት አገልግሎት ማታ እንደ ወንጀል ሲወሳ መስማቱ ግር ቢያሰኘው አይፈረድበትም።

ግርታው በቃል ብቻ የሚቀር አይደለም። ልጇ ከሪያድ ወይም ከቤይሩት የምትልክላት የመንዝ ወይም የይፋት እናት «ሐዋላ ተከለከለ» የሚል ወሬ ብትሰማ፣ የባንኩ በር የተዘጋ ሊመስላት ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ «በሐዋላ ተልኮልሻል» ተብላ ከማታውቀው ሰው ሒሳብ ብር ሲገባላት፣ የባንክ አገልግሎት ያገኘች ሊመስላት ይችላል። ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው ይከፋል፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይነሣል።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው። በሕጋዊው ሐዋላና በሕገ ወጡ መካከል ያለውን ልዩነት በአሠራሩ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም፤ ሁለቱም የሚያደርጉት ዕዳን ከአንድ ሰው ወደ ሌላ ሰው ማዞር ነው። የሚለያዩት የውጭ ምንዛሪው በማን እጅ እንደሚቀርና ገንዘቡ ቢጠፋ ማን እንደሚጠየቅ ላይ ነው።

የቃሉ ሥርና ዘመዶቹ

ሐዋላ ምንጩ ዐረብኛ ነው። ሐ፣ ወ እና ለ ከሚሉት ሥርወ ፊደላት የተገኘ ሲሆን የሥሩ ዋና ሐሳብ መዞር፣ መለወጥ፣ ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ መሸጋገር ነው። ሁኔታን የሚያመለክተው «ሓል»፣ ዞሮ የሚመጣውን ዓመት የሚያመለክተው «ሐውል» እና ማዛወር ማለት የሆነው «ተሕዊል» ከዚሁ ሥር ይወጣሉ። በዐረብ አገሮች ዛሬም ቃሉ ምንም ዓይነት ነውር የለበትም፤ በግብፅ ለምሳሌ በፖስታ ቤት በኩል የሚላክ የገንዘብ ማዘዣ «ሐዋላ በሪዲያ» ይባላል።

በአማርኛ «ሐዋርያ» ከሚለው ቃል ጋር ያለው የድምፅ ቅርበት ሊያሳስት ይችላል። ሐዋርያ ከግእዙ «ሖረ»፣ ማለትም «ሄደ» ከሚለው ግስ የተገኘ ነው፤ የተላከ ሰውን ስለሚያመለክት በትርጉምም ከመላክ ጋር የተያያዘ ይመስላል። ሆኖም ሥርወ ቃላቸው የተለያየ ነው፤ የሐሳብ ልዩነታቸውም ቁም ነገር አለው። ሐዋርያ ራሱ ተነሥቶ ይሄዳል፤ በሐዋላ ግን የሚጓዝ ሰውም ሆነ የሚጓዝ ገንዘብ ላይኖር ይችላል፣ የሚዞረው የመክፈል ግዴታው ነው።

በእስልምና የውል ሕግ ውስጥ ሐዋላ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው። ባለዕዳው ዕዳውን ራሱ ከመክፈል ፈንታ አበዳሪውን «ከእገሌ ተቀበል» ብሎ ወደ ሦስተኛ ሰው ይመራዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ያ ሦስተኛ ሰው ለባለዕዳው በተራው ዕዳ ያለበት ነው። አዛዋሪው «ሙሒል»፣ አበዳሪው «ሙሓል»፣ ክፍያውን የሚሸከመው ደግሞ «ሙሓል ዐለይህ» ይባላሉ። የነቢዩ ሙሐመድን ንግግሮች የሰበሰቡት ሊቃውንት ቡኻሪና ሙስሊም በመዘገቡት ሐዲስ፣ መክፈል የሚችል ሰው ማጓተቱ ግፍ እንደሆነና ክፍያውን ከሌላ ባለ አቅም እንዲቀበል የተመራ አበዳሪም መቀበል እንደሚገባው ተነግሯል። የሕግ ሊቃውንቱ አጥብቀው የተከራከሩበት ጥያቄ ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው፦ ሦስተኛው ሰው ከስሮ ቢሞት ወይም ውሉን ቢክድ አበዳሪው ወደ መጀመሪያው ባለዕዳ መመለስ ይችላል? ከእስልምና የሕግ መንገዶች መካከል የሐነፊ ሊቃውንት ይመለሳል ሲሉ፣ የሻፊዒ ሊቃውንት ዕዳው አንዴ ከዞረ መመለስ የለም ይላሉ። ከሺህ ዓመት በላይ የዘለቀው ይህ ክርክር፣ ብሩ ሳይደርሰው የቀረ ዘመናዊ ተቀባይ የሚያነሣው ጥያቄ ነው።

ቃሉ ከንግድ ጋር ርቆ ተጉዟል። በፋርስኛ በኩል ወደ ሕንድ ሲገባ ትርጉሙ ሰፍቶ «በአደራ መያዝ» የሚል ሐሳብ ያዘ፤ በሕንድና በፓኪስታን ጦር የበታች ሹም የማዕረግ ስም የሆነው «ሀቪልዳር» ቃል በቃል «ኀላፊነት የተሰጠው» ማለት ሲሆን፣ የፖሊስ ጣቢያ ማረፊያ ክፍልም በሕንድኛ «ሀዋላት» ይባላል። በሶማሊኛ «ሐዋላድ» ፈቃድ ያላቸውን የገንዘብ ማስተላለፊያ ቤቶች የሚያመለክት ተራ ቃል ነው። በአውሮፓ ደግሞ የንግድ ወረቀት ዋስትና ስም የሆነው የፈረንሳይኛው «አቫል» ከሐዋላ የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ ሌሎች ግን ዋሱ ከሰነዱ ግርጌ ስለሚፈርም «ከታች» ከሚለው የፈረንሳይኛ አነጋገር ያመጡታል። ይህኛው ክርክር ለእኛ ጉዳይ ብዙ አይጠቅምም።

ከእንጦጦ ሐረር፣ ከሐረር ምጽዋ

ሐዋላ እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት ከዚሁ ከሸዋ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1887 መጀመሪያ ላይ፣ ግጥሙን ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ ከታጁራ ጠረፍ በግመል ያስጫነውን ጠመንጃ ይዞ አንኮበር ደረሰ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በዚያው ሰሞን ሐረርን ይዘው ገና እየተመለሱ ስለነበር ሁለቱ የተገናኙት እንጦጦ ላይ ነው። ንጉሡ ጠመንጃውን ተረከቡ። የራምቦ ሸሪክ የነበረው ላባቱ ዕዳ ትቶ ስለ ሞተ ያ ተቀነሰ። ለቀረው ሒሳብ ግን ለራምቦ በእጅ የሚቆጠር ብር አልተሰጠውም፤ የተሰጠው የሐረሩ ገዥ መኮንን እንዲከፍሉት የሚያዝ ወረቀት ነው። ሐረር ሲደርስ እዚያም በቂ ጥሬ ብር አልነበረም፤ መኮንንም በተራቸው ምጽዋ ላይ የሚመነዘር ማዘዣ ሰጡት፤ ራምቦም በዚያው ክረምት ገንዘቡን ፍለጋ ባሕር ተሻግሮ ምጽዋ ገባ።

ይህን ከላይ ካለው የሕግ ትርጉም ጋር ማስተያየት ነው። ባለዕዳው ንጉሡ ናቸው፣ አበዳሪው ነጋዴው፣ ተከፋዩ የተመራባቸው ሦስተኛ ሰው ደግሞ የንጉሡን ግብር የሚሰበስቡት የሐረር ገዥ። ያ ሐዋላ ወደ ሁለተኛ ሐዋላ ሲዞር፣ ሐረር ላይ ያለው ዕዳ ምጽዋ ላይ ወዳለ የንግድ ሒሳብ ተሸጋገረ። ከሸዋ ተነሥቶ ባሕር ጠረፍ የደረሰ አንድም ብር የለም፤ የተጓዘው ወረቀቱና ወረቀቱን የያዘው ሰው ብቻ ነው።

ለምን እንዲህ እንደተደረገ ለመረዳት የገንዘቡን ክብደት ማሰብ ይበቃል። የዘመኑ ገንዘብ ጠገራ ብር፣ ማለትም የኦስትሪያዋ የማርያ ቴሬዛ ብር ሲሆን፣ አንዱ 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ሺህ ብር 28 ኪሎ ግራም ነው፤ ብዙ ሺህ ብር ለመላክ የአጋሰስ ተራ፣ የጠባቂ ቀለብና ሽፍታን የሚመክት መሣሪያ ያስፈልጋል። ለዝርዝር የሚያገለግለው አሞሌ ጨውማ ለመሸከም ይበልጥ አስቸጋሪ ነበር። ወረቀት ግን በኪስ ይያዛል፣ ሽፍታ ቢወስደውም ስሙ ያልተጻፈበት ሰው አይመነዝረውም።

ቃሉ ወደ አማርኛ የገባባቸው መንገዶች

ስለ ቃሉ አገባብ ሁለት አስተያየቶች ሊሰነዘሩ ይችላሉ። አንደኛው የሲራራ ንግድን መንገድ ይከተላል። ከአንኮበር ተረተር ሥር ያለችው አልዩ አምባ በ19ኛው መቶ ዘመን የሸዋ ዋና የንግድ በር ነበረች፤ ከታጁራና ከሐረር የሚመጡ ቅፍለቶች የሚያራግፉት በዚያ ነበር፤ በዓርቡ ገበያዋ ላይ የአርጎባ፣ የአፋር፣ የሐረርና የሸዋ ነጋዴዎች ይገናኙ ነበር። የነጋዴዎቹ አብዛኛው ክፍል ሙስሊም በመሆኑ የውል ቋንቋቸው ከዐረብኛ ብዙ ወስዷል። አማርኛ ዛሬ ያለ ሐሳብ የሚጠቀምባቸው «ሱቅ»፣ «ደላላ»፣ «ወኪል» እና «ጉምሩክ» በዐረብኛ በኩል የመጡ የንግድ ቃላት ናቸው፤ ሐዋላም የእነርሱ ጓደኛ ነው።

ሁለተኛው አስተያየት ወደ ባንክ ያመለክታል። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ባንክ፣ የአቢሲንያ ባንክ፣ እ.ኤ.አ. በ1905 በተፈረመ ስምምነት ተቋቁሞ በ1906 ሥራ ሲጀምር በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር ነበር፤ በ1931 ተገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክ እስኪተካው ድረስም ይኸው ግንኙነት ዘልቋል። ስለዚህ የካይሮ የባንክ ቋንቋ አዲስ አበባ ገብቶ ይሆናል የሚለው ግምት ሩቅ አይደለም። ሆኖም የግብፅ ብሔራዊ ባንክን ይመሩ የነበሩት እንግሊዛውያን ስለነበሩ ከዚያ ይመጡ የነበሩት የባንክ ቃላት በአብዛኛው አውሮፓዊ ይሆናሉ ተብሎ ይጠበቃል። «ባንክ» ራሱ፣ «ቼክ» እና «ኮሚሲዮን» እንዲያ ናቸው፤ ቼክን ግን ብዙ የቃላት ተመራማሪዎች የጽሑፍ ሰነድ ማለት ወደሆነው የዐረብኛ «ሰክ» ስለሚመልሱት እርሱም ዞሮ ከዚያው ይደርሳል። በዚህ ጸሐፊ ግምት ሚዛኑ ወደ ሲራራው ያደላል፤ ባንኩ ያደረገው በገበያ የሚታወቅን ቃል ማኅተም ሰጥቶ ወደ ቅጽ ማስገባት ነው።

በአጻጻፍ ረገድ ቃሉ «ሐዋላ»፣ «ሀዋላ» እና «ሃዋላ» እየተባለ ይጻፋል። የዐረብኛውን ድምፅ የሚወክለው ሐመሩ ሐ ነው፤ በሌሎቹ ሆሄያት መጻፉ ግን ትርጉም አይለውጥም። አንዳንዶች በ«ሐ» የተጻፈውን ለባንክ፣ በ«ሃ» የተጻፈውን ለጥቁር ገበያ ለመለየት ቢሞክሩ ልዩነቱ ከወረቀት አልፎ ጆሮ ላይ አይደርስም።

ባንክ ሲልክ ምን ይሆናል

ዋሽንግተን የሚኖር ሰው ደብረ ሲና ላሉት አባቱ 200 ዶላር በሕጋዊ መንገድ ይላክ እንበል። ከኪሱ የወጣው ዶላር በአውሮፕላን ተጭኖ አይመጣም። የኢትዮጵያ ባንክ በውጭ አገር ባንክ ውስጥ በዶላር የከፈተው ሒሳብ አለው፤ ይህ ሒሳብ በባንክ ቋንቋ «ኖስትሮ» ይባላል፣ በጣሊያንኛ «የእኛ» ማለት ነው። ላኪው የከፈለው ዶላር በዚያ ሒሳብ ላይ ይደመራል። የኢትዮጵያው ባንክ ደግሞ በዕለቱ ዋጋ አስልቶ ለአባትየው ብር ይከፍላል። በመካከል የሚያልፈው መልእክት ነው።

ይህን መልእክት ከሚያመላልሱት መረቦች የታወቀው ስዊፍት ነው። ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ1973 ቤልጂየም ውስጥ የተቋቋመ የባንኮች ማኅበር ሲሆን፣ ከ200 በላይ በሆኑ አገሮችና ግዛቶች ያሉ ከ11,000 የሚበልጡ የገንዘብ ተቋማትን ያገናኛል። «በስዊፍት ገንዘብ ላክሁ» ይባል እንጂ ስዊፍት አንድ ሳንቲም አያንቀሳቅስም፤ ለእገሌ ይህን ያህል ክፈል የሚል የታመነ ቃል ብቻ ያደርሳል። አስመጪዎች «ቲቲ» (በእንግሊዝኛ «ቴሌግራፊክ ትራንስፈር») የሚሉት አላላክም ስሙን ያገኘው ትእዛዙ በቴሌግራም ይተላለፍ ከነበረበት ዘመን ነው፤ የአሜሪካው ዌስተርን ዩኒየን በቴሌግራፍ ገንዘብ ማስተላለፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1871 ነው። ቴሌግራሙ ቀርቷል፣ ስሙ አለ።

ቁም ነገሩ፣ አባትየው ደብረ ሲና ላይ ብሩን በተቀበሉ ጊዜ 200ው ዶላር በኢትዮጵያ ባንክ ስም ተመዝግቦ መቀመጡ ነው። ባንኩ ያንን ዶላር ነዳጅ፣ መድኃኒት፣ ማዳበሪያ ወይም የፋብሪካ መለዋወጫ ለሚያስመጣ ይሸጠዋል። አገር ውስጥ ገባ የሚባለው በዚህ ትርጉም ነው።

ደላላው ሲልክ

አሁን ጅዳ የምትሠራ አንዲት ልጅ ለእናቷ መላክ ፈልጋ ወደ ባንክ ሳይሆን ሰፈር ውስጥ ወደሚታወቅ ሰው ሄደች እንበል። ሰውየው ሪያሉን ይቀበላል፣ የእናትየውን የባንክ ሒሳብ ቁጥርና ስልክ ይወስዳል። አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ያለ ሸሪኩ በሰዓታት ውስጥ፣ አንዳንዴም በደቂቃዎች፣ ብሩን ከራሱ ወይም ከሌላ ሰው ሒሳብ ወደ እናትየው ሒሳብ ያስገባል። ሪያሉ ጅዳ ቀረ፤ ብሩም መጀመሪያውኑ ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር። የራምቦ ወረቀት በስልክ መልእክት ተተካ እንጂ ነገሩ ያው ነው።

በሁለቱ ሸሪኮች መካከል ግን ያልተወራረደ ዕዳ አለ፤ የአገር ውስጡ ብር ከፍሏል፣ የውጭው ሪያል ይዟል። ዕዳው የሚዘጋበት መንገድ የጉዳዩ እምብርት ነው። የተለመደው ዘዴ በአስመጪ በኩል ነው። ዕቃ ማስመጣት የፈለገ ነገር ግን ከባንክ ምንዛሪ ያላገኘ ነጋዴ ለአገር ውስጡ ሸሪክ ብር ይሰጣል፤ የውጭው ሸሪክ በነጋዴው ፈንታ ለዱባይ ወይም ለቻይናዋ ጓንጁ ሻጭ በውጭ ገንዘብ ይከፍላል። ዕቃው ጉምሩክ ሲደርስ በባንክ ያልተከፈለበት ዋጋ በደረሰኝ ላይ እንዳይታይ ዋጋውን አሳንሶ ማቅረብ ይከተላል፤ ያኔ ቀረጡም አብሮ ያንሳል። በሌላ አቅጣጫ ወርቅ ወይም የቁም ከብት ሳይመዘገብ ድንበር ተሻግሮ ሒሳቡን ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ከጅዳ የተላከው የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ ገንዘብ፣ ላኪዋና እናቷ ሳያውቁት፣ የማያውቁት ሰው ንግድ መሣሪያ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሰዎች ደላላውን የሚመርጡበት ምክንያት ስንፍና ወይም አገር አለመውደድ ነው ብሎ መደምደም ነገሩን አያስረዳም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የመኖሪያ ፈቃዷ ያለፈባት ወይም ከአሠሪዋ ቤት የወጣች ሠራተኛ በሕጋዊ መላኪያ ቤት መታወቂያ ስትጠየቅ የምታሳየው የላትም። ዕረፍት የሌላት የቤት ሠራተኛ ወደ ባንክ የምትሄድበት ቀን የላትም። የመላኪያ ዋጋም ሌላው ነው፤ ከሰሃራ በታች ወዳሉ አገሮች 200 ዶላር ለመላክ የሚወጣው ወጪ በዓለም ባንክ መረጃ መሠረት በአማካይ 8 በመቶ አካባቢ ሲሆን፣ የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2030 ከ3 በመቶ በታች እንዲሆን ካወጡት ዕቅድ እጅግ የራቀ ነው። በተቀባዩ በኩል ደግሞ ከወረዳ ከተማ ርቆ ላለ የገጠር ነዋሪ ባንክ የአንድ ቀን መንገድ ሊሆን ይችላል፤ በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እንደታየው የስልክ ባንክም ሁልጊዜ የሚታመን አይደለም።

ስሙን ያጎደፈው ክስተት

ሐዋላ በዓለም ዜና ውስጥ የጥርጣሬ ቃል የሆነው በዋናነት እ.ኤ.አ. ከመስከረም 11 ቀን 2001 በኋላ ነው። ሕንድ ውስጥ ቀደም ብሎ በ1990ዎቹ ፖለቲከኞች የተከሰሱበት የጉቦ ጉዳይ በዚሁ ስም ይጠራ ስለነበር ስሙ እዚያ ጎድፎ ነበር፤ ወደ ሌላው ዓለም ግን ጥርጣሬውን ያስፋፋው የአሜሪካው ጥቃት ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር የአሜሪካ መንግሥት አል ባረካት የተባለውን የሶማሊያ የገንዘብ ማስተላለፊያ ድርጅት ንብረት አገደ፤ ባንክ ላልነበራት ሶማሊያ ይህ ከባድ ምት ነበር። በኋላ ጉዳዩን የመረመረው የአሜሪካ ኮሚሽን የጥቃቱ ፈጻሚዎች ገንዘባቸውን በዋናነት በባንክ ዝውውርና በጥሬ ገንዘብ እንዳገኙ፣ በሐዋላ ስለመጠቀማቸውም የሚታመን ማስረጃ እንደሌለ ገለጸ። ያም ሆኖ ስሙ አልተመለሰም።

በዚያ ዘመን በእንግሊዝኛ የተጻፉ ዘገባዎች «ሐዋላ»ን የመደበኛ ያልሆነ መላኪያ ስም አድርገው ወሰዱት። ያ ትርጉም በትርጉም ሥራ ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ እዚህ ግን ቃሉ ለብዙ ዘመን የባንክ መስኮት ስም ሆኖ ነበረ። ግርታው የተፈጠረው ቃሉ በሁለት መንገድ፣ አንዴ በገበያ አንዴ በዜና፣ ሁለት ጊዜ ስለገባ ነው ቢባል ያስኬዳል።

የምንዛሪው ዋጋ

ስለ መፍትሔው የሚቀርቡት ሐሳቦች ከምክንያቱ አረዳድ ይመነጫሉ። አንደኛው ወገን ዋናው ችግር የሕግ ማስከበር ነው ይላል፦ የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ሳይኖር ገንዘብ ማስተላለፍ የተከለከለ ሆኖ ሳለ ደላሎች በግልጽ ይሠራሉ፤ የገንዘብ ማጠብን ለመከላከል አዋጅ ከወጣም ዓመታት ተቆጥረዋል። ሌላው ወገን ደግሞ ሰው ትርፉን ያውቃል፣ በባንክና በገበያ መካከል ትልቅ የዋጋ ልዩነት እስካለ ድረስ ፖሊስ አያስቆመውም ይላል።

ያለፉት ዓመታት ታሪክ ለሁለተኛው ወገን ያደላል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት የአንድ ዶላር የባንክ ዋጋ ከ57 ብር ጥቂት ከፍ ያለ ሲሆን በጥቁር ገበያ ከ100 ብር በላይ ይሸጥ ነበር። 200 ዶላር የሚልክ ሰው በባንክ ከላከ 11,500 ብር ገደማ፣ በደላላ ከላከ ግን ከ20,000 ብር በላይ ለቤተሰቡ ይደርስ ነበር ማለት ነው። ይህን የሚያህል ልዩነት የደመወዝ ያህል ነው። በዚያች ቀን መንግሥት የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ የባንኮች ዋጋ በመጀመሪያው ቀን ወደ 75 ብር አካባቢ ወጣ፣ በሳምንታት ውስጥም 100 ብር ደረሰ። ከባንክ ውጭ ያሉ የምንዛሪ ቢሮዎችም ፈቃድ ማግኘት ጀመሩ።

ዋጋው ግን ሁሉንም አይገልጽም። ልዩነቱ ሲጠብ ደላላውን በዋጋ ብቻ ይመርጡ የነበሩት ወደ ባንክ ይመለሳሉ፤ በመታወቂያ እጦት፣ በርቀት ወይም በፍጥነት ምክንያት የመረጡት ግን እዚያው ይቆያሉ። ከባንክ ምንዛሪ ያጣ ወይም ቀረጥ መቀነስ የሚፈልግ አስመጪም እስካለ ድረስ የደላላው ደንበኛ አይጠፋም። ልዩነቱ ዳግም ሲሰፋ ደግሞ፣ ከባንክ ወጥቶ የሚሄደው መጀመሪያ በዋጋ የተመለሰው ሰው ነው።

በተቀባዩ ላይ የሚደርሰው

ከላይ በእንጥልጥል የተተወው ነጥብ እዚህ ላይ ይመጣል። በደላላ በኩል የተላከ ብር በባንክ ሒሳብ ሲገባ ከባንክ የመጣ ስለሚመስል ተቀባዩ አደጋ አይታየውም። የባንኩ መዝገብ የሚያሳየው ግን ከውጭ የተላከ ገንዘብ አይደለም፤ አንድ የማይታወቅ ግለሰብ ለእርሱ ብር ማስተላለፉን ነው። ያ ግለሰብ በአንድ ቀን ለብዙ ሰዎች ሲልክ ቆይቶ ጥርጣሬ ሲነሣበት፣ የሒሳቡ ተከታታይ ዝርዝር የተቀባዮቹንም ስም ይዞ ይወጣል። ልጄ ከውጭ የላከችው ነው ብሎ ለማስረዳት የሚቀርብ ወረቀት የለም፤ ላኪዋም እዚያ ያለው ደላላ የሰጣት ደረሰኝ የላትም።

ብሩ ጭራሽ ባይደርስ ደግሞ ነገሩ ወደ ሐነፊና ሻፊዒ ክርክር ይመለሳል፣ ዳኛ በሌለበት። በባንክ ወይም ፈቃድ ባለው መላኪያ የተላከ ገንዘብ የምስጢር ቁጥር፣ የላኪና የተቀባይ ስም፣ ቀንና መጠን አለው፤ ቅሬታ የሚቀርብበት ቢሮና ያንን ቢሮ የሚቆጣጠር አካል አለ። ደላላውን የሚይዘው እምነት ነው። እምነቱ ተራ ነገር አይደለም፤ እቁብና ዕድር የኖሩት በእምነት ነው፣ የሲራራ ነጋዴም በእምነት ነበር የሚነግደው። ሆኖም እቁብተኛ የሰብሳቢውን ቤትና ዘመድ ያውቃል። ጅዳ ያለውን ደላላ የምታውቀው ልጅ የአዲስ አበባ ሸሪኩን አይታው አታውቅም፤ እናቷ ደግሞ ሁለቱንም አታውቅም።

ስያሜውን ስለ መለየት

ቃሉን ለጥቁር ገበያው ትቶ ባንኮች «የገንዘብ ዝውውር» ወይም «ከውጭ የሚላክ ገንዘብ» የሚል ሌላ ስም ይጠቀሙ የሚል ሐሳብ ሊነሣ ይችላል። ይህ ግን ለብዙ ዘመን በቅጽና በመዝገብ ላይ የኖረን ቃል ከአንድ የዜና ትርጉም የተነሣ መጣል ይሆናል፤ ቃሉን ደግሞ ገበያውም ሆነ ባንኩ በቀላሉ የሚተዉት አይመስልም። ሕጉ ራሱ የሚከለክለው ያለ ፈቃድ ማስተላለፍን ስለሆነ «ፈቃድ የሌለው ሐዋላ» የሚለው አገላለጽ ከሕጉ ጋር ይስማማል። «ሕገ ወጥ ሐዋላ» የሚለውም ያስኬዳል፤ ለብቻው የቆመው «ሐዋላ» ግን በክስ ዜና ውስጥ ሲገባ የባንኩን መስኮት ከደላላው ጋር ያስከስሳል።

ለተቀባዩ ግን ከስያሜው ይልቅ የሚቀርበው ወረቀቱ ነው። ገንዘቡ የመጣው በየትኛውም ስም ቢሆን፣ ከላኪው የመጣውን የምስጢር ቁጥርና ባንኩ የሰጠውን የክፍያ ደረሰኝ ማስቀመጥ፣ ደረሰኙ ላይም የላኪው ስም የላኩለት የልጁ ወይም የልጅቱ ስም መሆኑን ማየት ይቻላል። በዚያ ቦታ የማይታወቅ ሰው ስም ከሰፈረ የውጭው ገንዘብ እዚያው ውጭ ቀርቷል።